ከባድ ሕመም የያዘው ሰው ሲመጣ፦ ስለ ምርመራና ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት በድንገተኛ ክፍልና በተኝቶ ሕክምና የሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞችና ነርሶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ ይመጣል። የበሽታው ስም ከመታወቁ በፊት ሕመሙ ምን ያህል እንደከፋ መታወቅ አለበት፤ ስሙ ከተሰጠ በኋላም እንደገና መመርመር አለበት። የተጠቀሱት የመድኃኒት መጠኖች፣ ለሕፃናት ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ ለአዋቂ ናቸው። የምትሠሩበት ተቋም የራሱ የሕክምና መመሪያ ካለው እሱን አስቀድሙ።

በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሕክምና ይጀመራል?

ይጀመራል፤ አንዳንዴም ግዴታ ነው። መተንፈስ ያቃተው፣ ራሱን የሳተ ወይም የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ፊት ቆሞ የበሽታ ስም መደርደር ሰውየውን አይጠቅመውም። መጀመሪያ የአየር መተላለፊያው ክፍት መሆኑ ይታያል፤ ቀጥሎ አተነፋፈሱ፣ ከዚያ የደም ዝውውሩ፣ ከዚያ ንቃቱ። አንዱ ላይ ችግር ከተገኘ እዚያው ይታከማል እንጂ ምርመራው እስኪያልቅ አይጠበቅም።

ንቃቱ የተዛባ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ የደም ስኳሩ በጣት ይለካ። የስኳር መጠን መውረድ ስትሮክ ይመስላል፣ ስካር ይመስላል፣ የአእምሮ ሕመም ይመስላል፣ የሚጥል በሽታም ይመስላል። ለመለካት ከ1 ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ በደም ሥር ግሉኮስ ሲሰጥም ሰውየው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ሳይለካ ከቆየ ግን አንጎል ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ሌላው መጠበቅ የማይፈቅደው አናፊላክሲስ፣ ማለትም ድንገተኛና ከባድ የአለርጂ ምላሽ፣ ነው። መድኃኒት፣ ምግብ ወይም የነፍሳት ንድፊያ ተከትሎ የትንፋሽ ማጠር ወይም የግፊት መውረድ ከታየ 0.5 ሚሊግራም አድሬናሊን በጭኑ የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ፀረ አለርጂ መርፌና ስቴሮይድ የአድሬናሊንን ቦታ አይተኩም። ብዙ ቦታ ቀድመው የሚሰጡት እነሱ ናቸው፤ ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ከቫይታል ሳይን (ከትንፋሽ፣ ከልብ ምት፣ ከግፊትና ከሙቀት ልኬቶች) ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቱ ነው?

የአተነፋፈስ ፍጥነት። ግፊቱና የልብ ምቱ በመሣሪያ ይለካሉ፤ ትንፋሹ ግን መቆጠር አለበት፤ በሥራ ብዛት መካከል ሳይቆጠር በግምት 20 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ዋርድ ውስጥ ያሉ ካርዶች ሁሉ 20 የሚሉ ከሆነ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ደረቱን እያያችሁ 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። የተረጋጋ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ችግሩ ሳንባ ብቻ አይደለም፤ በስኳር ሕመም፣ በኩላሊት መድከም ወይም በሴፕሲስ (ከታች በሚብራራው ከባድ የኢንፌክሽን መዘዝ) ምክንያት ደም ውስጥ አሲድ ሲከማች ሰውነት በትንፋሽ ሊያስወጣው ይታገላል። የደም ግፊት ከመውረዱ ከሰዓታት በፊት ትንፋሹ መፍጠን ሊጀምር ይችላል።

ለሕፃናት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ አለ፦ ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ገደብ አለው። እጅ ሲቀዘቅዝ ወይም ግፊት ሲወርድ ይሳሳታል። በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ ቆዳቸው ጥቁር በሆነ ሕመምተኞች ላይ መሣሪያው የኦክስጅን መጠኑን ከእውነተኛው በላይ አድርጎ የሚያሳይበት አጋጣሚ እንደሚበዛ አሳይቷል። ስለዚህ መሣሪያው 93 እያለ ሰውየው ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ካልቻለ፣ ከመሣሪያው ይልቅ ሰውየውን እመኑ።

ሴፕሲስን በጊዜ የምለየው እንዴት ነው?

ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከሥርዓት ወጥቶ የራሱን የውስጥ አካላት ሲጎዳና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል ነው፤ በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ፍቺ የሚለው ይህንን ነው። ቁልፉ ኢንፌክሽኑ ሳይሆን የአካላቱ መጎዳት ነው። ሽንት መቀነስ፣ ግራ መጋባት፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የእግር መቀዝቀዝና መዥጎርጎር፣ የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ) መውረድ፣ የክሬያቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) መጨመር ሁሉ ምልክቶቹ ናቸው።

ትኩሳት የለውም ብሎ ሴፕሲስን መተው አደገኛ ነው። አረጋውያን፣ የኩላሊት ሕመምተኞች፣ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎችና ጨቅላ ሕፃናት ሙቀታቸው ላይጨምር፣ ይባስ ብሎም ሊወርድ ይችላል፤ የወረደ ሙቀት ብዙ ጊዜ የከፋ ምልክት ነው። «ትናንት ደህና ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሰው መለየት አቃታቸው» የሚል አስታማሚ የሚያመጣው መረጃ ከብዙ የላቦራቶሪ ውጤት ይበልጣል።

ትንፋሽ በደቂቃ 22 እና ከዚያ በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት 100 እና ከዚያ በታች፣ እንዲሁም የንቃት መዛባት፦ ከእነዚህ 3 ምልክቶች 2ቱ ከተገኙ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ምልክቶቹ ስላልተሟሉ ግን ሴፕሲስ የለም አይባልም፤ የ2021ዱ ዓለም አቀፍ መመሪያም በዚህ መስፈርት ብቻ ተማምኖ መለየትን አይመክርም።

ኢንፌክሽን ተጠርጥሮ ግፊቱ ከወረደ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ ደም ሥር ውስጥ መግባት አለበት። ግፊቱ ካልወረደና ኢንፌክሽን መሆኑ ራሱ አጠራጣሪ ከሆነ ፈጥኖ ለመመርመር እስከ 3 ሰዓት ጊዜ አለ። ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት) የሚሆን ደም ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ይወሰድ፤ ደም ለመቅዳት ተብሎ ግን መድኃኒቱ አይዘግይ። መድኃኒቱ ታዘዘ ማለት ተሰጠ ማለት እንዳልሆነም አስታውሱ፤ ከትዕዛዙ እስከ መርፌው ያለው ጊዜ ብዙ ሰዓት የሚባክንበት ቦታ ነው። መግል ካለ ካልፈሰሰ፣ የተዘጋ የሽንት ቧንቧ ካልተከፈተ የትኛውም አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም፤ የቀዶ ሕክምና ባልደረባችሁን በዚያው ሌሊት ጥሩ።

ለሴፕሲስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስንት ይሁን?

በመመሪያ ደረጃ የተለመደው፣ ግፊቱ ለወረደ ወይም ላክቴቱ (የደም ዝውውር ሲዳከም ደም ውስጥ የሚከማቸው ንጥረ ነገር) ከፍ ላለ አዋቂ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊሊትር ነው። ይህ ቁጥር ግን ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ቦታ እንደማይሆን የሚያስጠነቅቁ ጠንካራ ጥናቶች አሉ። በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ከታየባቸው ሕፃናት መካከል ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ሞቱ፤ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶ። በ2017 ደግሞ በዛምቢያ፣ ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው በወረደ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት የሚሰጥበት አሠራር የሟቾችን ቁጥር እንዳበዛ አሳየ።

የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያው ጥናት በተቅማጥ ምክንያት ፈሳሽ ያለቀባቸውን ሕፃናት አላካተተም፤ ለእነሱ ፈሳሽ ሕይወት ነው። የጥናቶቹ ትምህርት ሌላ ነው፦ የመተንፈሻ መሣሪያና ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት ቦታ ትርፉ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ በ250 ወይም በ500 ሚሊሊትር እየከፈላችሁ ስጡ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ የሳንባውን ግርጌ አዳምጡ፣ የሽንቱን መጠን ተመልከቱ። ፈሳሽ ተሰጥቶ ግፊቱ ካልተነሣ ሌላ ሊትር ከመጨመር ኖርኤፒነፍሪን (ደም ሥር አጥብቦ ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት) መጀመር ይሻላል፤ ግቡ አማካይ ግፊቱን 65 ላይ ማድረስ ነው። ወደ ልብ የሚጠጋ ትልቅ መስመር እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥሩ በሆነ የክንድ ደም ሥር በቅርብ ክትትል መጀመር ይቻላል።

የደረት ሕመም ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ምንድን ነው?

በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሥቶ በሚያነብ ሰው መታየት አለበት። ካርድ የሚወጣው፣ ክፍያ የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የተነሣ ደህና ኢሲጂ የልብ ደም ሥር መዘጋትን አያስቀርም፤ ሕመሙ ከቀጠለ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ይደገም።

በስኳር ሕመምተኞች፣ በሴቶችና በአረጋውያን ላይ ሕመሙ ደረት ላይ ላይሆን ይችላል፤ የትንፋሽ ማጠር፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጨጓራ የሚመስል የላይኛው ሆድ ሕመም ወይም ድንገተኛ ድካም ብቻ ሆኖ ይመጣል። «ጨጓራዬ ነው» ያለ የ60 ዓመት ሰው ላብ ካጠመቀው ኢሲጂ ይነሣ።

ኢሲጂው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ደም ሥር ካሳየ በ120 ደቂቃ ውስጥ በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መክፈት የሚቻል መሆኑ ይጣራል። ካልተቻለና ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ይሰጣል። አስፒሪን ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ታኝኮ ይዋጣል። ኦክስጅን መጠኑ ከ90 በመቶ በታች ላልሆነ ሰው አይጠቅምም። የልብ የታችኛው ግድግዳ ተጎድቶ ግፊቱ ለወረደ ሰው ናይትሬት (ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት) መስጠት ግፊቱን ጭራሽ ሊጥለው ይችላል።

የደም ማሟሚያ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ዋናው የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ እየተሰነጠቀ አለመሆኑን አስቡ። ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ እጅግ የበረታ፣ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚለያይ ግፊት፣ ከደረት ሕመም ጋር አብሮ የመጣ የአካል መስነፍ ካለ ቆም በሉ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ገዳይ ነው።

ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚገባ ፕሮቲን) ከፍ ካለ የልብ ደም ሥር ተዘግቷል ማለት ነው?

አይደለም። የልብ ጡንቻ ተጎድቷል ማለት ብቻ ነው። በሳንባ ደም ሥር የረጋ ደም፣ የልብ ጡንቻ ብግነት፣ ሴፕሲስ፣ የቆየ የኩላሊት መድከም፣ በጣም የፈጠነ የልብ ምት ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። ከአንድ ቁጥር ይልቅ በሰዓታት ልዩነት የተለካው ሁለተኛው ቁጥር መጨመሩ ወይም መቀነሱ ይናገራል። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት የተለካ ዝቅተኛ ትሮፖኒንም ብቻውን ሰው ወደ ቤት ለመስደድ አይበቃም።

ስትሮክ በተጠረጠረ ጊዜ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

«ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» ሕመሙ መቼ ተገኘ ከሚለው ጋር አታምታቱት። ማታ በ4 ሰዓት ደህና ሆኖ ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ግማሽ አካሉ ሰንፎ የተገኘ ሰው ሰዓቱ የሚቆጠረው ከማታው 4 ሰዓት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ትልቅ ደም ሥር የተዘጋባቸው የተመረጡ ሕመምተኞች ደግሞ በካቴተር እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊረዱ ይችላሉ። በ2006 የታተመ ስሌት እንዳሳየው ትልቅ ደም ሥር በተዘጋበት ስትሮክ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ስለዚህ «ነገ ጠዋት ሲቲ ይነሣል» የሚለው ትዕዛዝ ከባድ ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ሥራው ደም መፍሰስ አለመኖሩን ማሳየት ነው፤ መዘጋት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምስሉ ደህና ሊመስል ይችላል። ደም አለመፍሰሱ ሳይታወቅ አስፒሪን አይሰጥም። የጨመረ የደም ግፊት ሲታይ ለማውረድ እጅ ይፈጥናል፤ ደም ሥሩ ለተዘጋበትና ማሟሚያ ለማይወስድ ሰው ግን እስከ 220/120 ድረስ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ለተጎዳው ክፍል ደም የሚያደርሰው ያ ግፊት ነውና። ማሟሚያ ለሚወስድ ሰው ከ185/110 በታች መውረድ አለበት። አንጎል ውስጥ ደም ከፈሰሰ ደግሞ የላይኛውን ግፊት በጥንቃቄ ወደ 140 ማቅረብ ይመከራል።

አንድ ነገር ደግሞ ነርሶች ከማንም በላይ የሚያውቁት አለ፦ የመዋጥ አቅሙ ሳይፈተሽ ውኃም ሆነ ክኒን በአፉ አይሰጠው። ከስትሮኩ የተረፈ ሰው በትንታ ምክንያት በሚመጣ የሳንባ ምች ሊሞት ይችላል።

የላቦራቶሪ ውጤት «ፖዘቲቭ» ካለ በሽታው አለ ማለት ነው?

ይህ የሚወሰነው ምርመራው ከመታዘዙ በፊት በሽታው ምን ያህል ተጠርጥሮ እንደነበር ነው። አንድ ምርመራ ካለባቸው 100 ሰዎች 90ውን የሚያገኝ፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎችም 90ውን በትክክል «የለም» የሚል ነው እንበል። ጥሩ ምርመራ ይመስላል። አሁን በሽታው ከ100 ሰው 1 ላይ ብቻ በሚገኝበት ቦታ 1,000 ሰው ተመረመረ። በሽታው ያለባቸው 10 ናቸው፤ 9ኙ ይገኛሉ። ከ990ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 99ኙ በስህተት «አለባችሁ» ይባላሉ። ከ108 ፖዘቲቭ ውጤቶች እውነተኞቹ 9 ብቻ ናቸው፤ 8 በመቶ ገደማ። በዚያው ምርመራ ግማሾቹ በሽታው ያለባቸው 1,000 ሰዎች ቢመረመሩ ግን ፖዘቲቭ ከሆኑት 90 በመቶው በእርግጥም ታመዋል።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ላይ የሚውል ነገር፣ ላቦራቶሪ ከማዘዝ በፊት ታሪክ መጠየቅና አካላዊ ምርመራ ማድረግ ግዴታ መሆኑ ነው። ዲዳይመር፣ የረጋ ደም መኖሩን ለመጠቆም የሚደረግ የደም ምርመራ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሳንባ ደም ሥር የረጋ ደም የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ለሆነ ሰው ኔጌቲቭ ውጤት ነገሩን ይዘጋዋል። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ግን ኔጌቲቩም አያረጋጋም፤ በቀጥታ ወደ ሲቲ መሄድ ይገባል። በእርግዝና፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በካንሰርና በኢንፌክሽን ጊዜ ደግሞ ያለ ረጋ ደምም ከፍ ይላል። ደረቱን ላመመው ሰው ሁሉ ዲዳይመር ማዘዝ አላስፈላጊ ሲቲ መሰብሰብ ነው።

ማጅራት ገትር ተጠርጥሯል፤ የጀርባ ፈሳሹ እስኪቀዳ መድኃኒቱን ላቆየው?

ፈሳሹ ወዲያው የሚቀዳ ከሆነ ቅዱና መድኃኒቱን ቀጥሉ። የሚዘገይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አስቀድሞ ሲቲ ካስፈለገ፣ ደም ለካልቸር ወስዳችሁ ዴክሳሜታሶንና አንቲባዮቲክ አሁን ስጡ። ዴክሳሜታሶኑ ከመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ዶዝ በፊት ወይም አብሮ ነው የሚገባው። ለሴፍትሪአክሶን የተለመደው 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ዕድሜው ከ50 በላይ ለሆነ ወይም የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ አምፒሲሊን ይጨመራል። ሲቲ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ለሁሉም ሳይሆን በአንድ ወገን የአካል መስነፍ፣ አዲስ የሚጥል ሕመም፣ ንቃቱ በጣም የወረደ፣ የዓይን ነርቭ እብጠት ወይም የመከላከል አቅም መዳከም ላለበት ነው።

አንገቱ አልገተረም ብሎ ማለፍም አይቻልም። በ2004 ከኔዘርላንድ የወጣ ትልቅ ጥናት ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና የንቃት መዛባት ሦስቱም አንድ ላይ የተገኙት በ44 በመቶው ሕመምተኞች ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ራስ ምታት ሲጨመርበት ግን ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ በ95 በመቶው ላይ ነበሩ።

ኤችአይቪ በደሙ ያለበትና ራስ ምታቱ ሳምንታት የቆየ ሰው ከሆነ ክሪፕቶኮከስን (የአንጎል ሽፋንን የሚያጠቃ ፈንገስ) አስቡ። እዚያ ዴክሳሜታሶን ጎጂ ነው፤ የሕክምናው ግማሽ ደግሞ የጨመረውን የጭንቅላት ግፊት ለመቀነስ ፈሳሹን ደጋግሞ መቅዳት ነው።

የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነ ሌላ መፈለግ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ በተለይ ሕመምተኛው በጠና ከታመመ። ወባ በሚበዛበት አካባቢ የሚኖር ሰው ተሕዋሱ ደሙ ውስጥ እያለ ሳይታመም ሊኖር ይችላል፤ ዛሬ የጣለው ግን የሳንባ ምች ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ከባድ ወባ የያዛቸው ሕፃናት የባክቴሪያ ኢንፌክሽንም አብሮ ሊኖርባቸው ስለሚችል አንቲባዮቲክ ይጨመርላቸዋል። በተቃራኒው ፈጣኑ ምርመራ ኔጌቲቭ ብሎ ወባ ሊኖር ይችላል፤ ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ የወባ ተሕዋስያን በአፍሪካ ቀንድ ጭምር ተገኝተዋል። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ የደም ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ይደገምም።

ለከባድ ወባ አርቴሱኔት በደም ሥር ለእያንዳንዱ ኪሎ 2.4 ሚሊግራም፣ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት 3 ሚሊግራም፣ ሲገባ፣ ከ12 እና ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በቀን አንዴ ይሰጣል። ቢያንስ ለ24 ሰዓት በመርፌ ከታከመና መዋጥ ከቻለ ሙሉ የ3 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ይከተላል፤ ይህ ሲረሳ ወባው ይመለሳል። ከዳነ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳት ዘግይተው ሊፈርሱ ስለሚችሉ የደም መጠኑ ይታይ፤ ድካምና የጠቆረ ሽንት ካየ እንዲመለስ ይነገረው።

ስኳሩ 500 ደርሷል፤ ለምን ኢንሱሊን ወዲያው አልሰጥም?

በኬቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ አቃጥሎ በሚያመነጨው አሲድ) የተመረዘ የስኳር ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው፤ ሁለተኛው የፖታሲየሙን መጠን ማወቅ ነው። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም ወደ ሕዋስ ይከታል። ሲለካ ደህና የሚመስለው ፖታሲየም በእርግጥ ከሰውነት በሽንት ያለቀ ነው፤ መጠኑ ከ3.5 በታች ሆኖ ኢንሱሊን ቢሰጥ ልብ ምቱን ሊያዛባና ሊያቆም ይችላል። ፖታሲየሙ መጀመሪያ ይተካ፤ ከዚያ ኢንሱሊን በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.1 ዩኒት ይጀመር። ላቦራቶሪው ከዘገየ ኢሲጂ ያግዛችኋል።

ስኳሩ ወደ 250 ሲወርድ ኢንሱሊኑን ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። የምናክመው አሲዱን እንጂ ቁጥሩን አይደለም፤ ስለዚህ ግሉኮስ ያለው ፈሳሽ ጨምራችሁ ኢንሱሊኑን ቀጥሉ። ከደም ሥር ኢንሱሊን ስታወጡት ከቆዳ ሥር የሚወጋው ረጅም ኢንሱሊን ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀድሞ መሰጠት አለበት። ምን ቀሰቀሰው የሚለውም ይጠየቅ፦ ኢንፌክሽን፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ ወይስ ኢንሱሊኑ አልቆበት መግዣ አጥቶ? የመጨረሻውን ሰው ሳይኮንን የሚጠይቅ ሐኪም ነው መልሱን የሚያገኘው።

የአክታ ምርመራው ኔጌቲቭ ነው፤ ቲቢ የለም ማለት እችላለሁ?

አትችሉም። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በ1 ሚሊሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ገደማ ባክቴሪያ መኖር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የደገፈው ጂንኤክስፐርት፣ የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ፣ ከዚያ እጅግ ያነሰውን ያገኛል፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መቋቋሙንም በ2 ሰዓት ገደማ ይነግራል። ሆኖም በሕፃናት፣ በኤችአይቪ ሕመምተኞችና ከሳንባ ውጭ ባለ ቲቢ እሱም ያመልጠዋል። ላብ፣ ክብደት መቀነስና ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል እያለ ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ ራጁን እዩ፣ ያበጠ ንፍፊት ካለ ናሙና ውሰዱ። ቲቢ ለተጠረጠረ ሰው «ለሳንባ ምች» ብሎ ሌቮፍሎክሳሲን መስጠት ቲቢውን ለጊዜው አስታግሶ ምርመራውን ያዘገያል።

ግፊቱ 210/120 ነው፤ አሁኑኑ ላውርደው?

ቁጥሩን ሳይሆን ጉዳቱን ተመልከቱ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የንቃት ወይም የዕይታ መዛባት፣ የኩላሊት መጎዳት ከሌለ አሳርፉት፣ እንደገና ለኩ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ጀምሩ፣ በቀናት ውስጥ ቀጠሮ ስጡ። ጉዳት ካለ በደም ሥር መድኃኒት በመጀመሪያው ሰዓት ከ25 በመቶ ሳይበልጥ ይወርዳል። የአኦርታ መሰንጠቅ ከዚህ በፈጠነ መንገድ ይታከማል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ማግኒዥየም ሰልፌት መዘንጋት የለበትም። ኒፌዲፒን ከምላስ ሥር ማፍሰስ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ ይቅር።

ሌላ ሐኪም የሰጠውን የበሽታ ስም እንደገና መመርመር አለብኝ?

አዎ፤ ይህ ባልደረባን አለማክበር አይደለም። አንድ ጊዜ ካርድ ላይ የተጻፈ ስም ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ሲተላለፍ «ተጠርጥሯል» የሚለው ቃል ይወድቅና ስሙ እውነት ሆኖ ይቀራል። ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ተብሎ 3 ቀን አንቲባዮቲክ ወስዶ ያልተሻለው ሰው ላይ መድኃኒት ከመቀየር በፊት ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «በእርግጥ ኒሞኒያ ነው?» የሚለው ነው፤ የልብ ድካም፣ የረጋ ደም፣ ቲቢ ወይም በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ መግል ሊሆን ይችላል። በየጠዋቱ ራውንድ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከዚህ ስም ጋር የማይሄድ ምን አለ? ያመለጠን እንደሆነ የሚገድለው የትኛው ነው? መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉት።

ለአስታማሚዎች ምን ያህል ልንገራቸው?

የምታውቁትን፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ቁጭ ብላችሁ። «በሽታውን ገና እየፈለግን ነው፤ ግን በጠና ታመዋል፤ እስከዚያው ይህንን እየሰጠን ነው» ማለት ሐቀኛ ነው፤ ሐኪምንም አያሳንስም። ሕመምተኛው መስማት ከቻለ መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው፤ ማን እንዲያውቅለት እንደሚፈልግም ይጠየቅ። ሞት ሊመጣ እንደሚችል ከታወቀ ዘመድ እንዲጠራ በጊዜ መናገር ትልቅ አክብሮት ነው።

ሪፈር ስጽፍ ምን አይቅር?

ሰዓቶቹ። ሕመሙ የጀመረበት፣ እናንተ ጋር የደረሰበት፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከነመጠኑ የተሰጠበት ሰዓት። ሲመጣና ሲሄድ የነበረው ቫይታል ሳይን፣ ውጤታቸው ያልደረሰ ምርመራዎች፣ አለርጂ ካለው፣ ከዚህ በፊት የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ። የጠረጠራችሁትን «ተጠርጥሯል» ብላችሁ ጻፉ፤ ያላመናችሁበትንም ምክንያቱን ጨምሩ። ከዚያ ተቀባዩ ሆስፒታል ደውላችሁ ተረኛውን በስልክ አነጋግሩ፤ ወረቀት በአምቡላንስ ውስጥ ይጠፋል። ኦክስጅኑ ለመንገዱ የሚበቃ መሆኑን የሚያጣራ አንድ ሰው በስም ይመደብ።